ወደ ፍሎይድ ስትሄዱ በፓርክዌዩ አትሂዱ፦ የዓርብና የቅዳሜ ጉዞ ደረጃ በደረጃ

ከዲሲ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ፍሎይድ ቨርጂኒያ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚባለው የተራራ ላይ የሽርሽር መንገድ ከተማዋ አጠገብ እንደሚያልፍ ይሰማል። ከዚያ ፓርክዌዩን እንደ መንገድ ይይዘዋል።

እኔም ይዤዋለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድን ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ፣ አፍተን አጠገብ ፓርክዌዩ ከሚጀምርበት ከዜሮ ማይል ገባን። ፍሎይድ ያለችው 165ኛው ማይል አካባቢ ነው። «165 ማይል ምን አላት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል» አልን። የፍጥነት ወሰኑ 45 መሆኑን፣ መንገዱ እንደ እባብ መጠማዘዙን፣ ሲመሽ መብራት የሚባል ነገር አለመኖሩን፣ በዚያ ላይ ጉም ሊወርድ መቻሉን የነገረን አልነበረም። ስንደርስ ከምሽቱ 10 ሰዓት አልፏል። ልንሰማቸው የሄድነው ሙዚቀኞች ጊታራቸውን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። ራታችን ከቤት ይዘነው የወጣነው ቆሎ ሆነ።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አሁኑኑ ያዙ፦ በሀይዌይ ሂዱ፣ ዓርብ ማታውን ከተማ ውስጥ አሳልፉ፣ ፓርክዌዩን ለቅዳሜ ጠዋት አቆዩት። እሱንም ቢሆን ቁራጩን ብቻ። መንገዱ በሙሉ 469 ማይል ነው፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አትጨርሱትም።

ሌላ ማሳሰቢያ፦ እዚህ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ስልካችሁ ላይ እንደሚታዩት ናቸው። በሐበሻ ሰዓት ቆጥሮ የሚያረፍድ አጎት ካለ ከወዲሁ ንገሩት።

ደረጃ 1፦ ቀን ቁረጡ

1. ዓርብ የሚገኝበት ጉዞ ይሁን። የፍሎይድ ትልቁ ነገር ፍሎይድ ካንትሪ ስቶር የሚባለው ሱቅ ውስጥ ዓርብ ማታ የሚደረገው ሙዚቃና ጭፈራ ነው። ቅዳሜ ማታ ብትደርሱ ቆንጆ ግን ጸጥ ያለች ከተማ ታያላችሁ። ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው።

2. ጁላይ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቀኑን ደግማችሁ እዩ። ፍሎይድፌስት የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል የሚደረገው ያኔ ነው። ለእሱ ካልሄዳችሁ በስተቀር ማደሪያ ፍለጋው ራስ ምታት ነው።

3. ቀለም የሚቀይረውን ቅጠል ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ኦክቶበር አጋማሽን ያዙ። ከፍ ያለው ቦታ ቀድሞ ይቀላል፣ ዝቅ ያለው ይዘገያል። የዲሲ ዛፍ ገና አረንጓዴ ስለሆነ እዚያም አረንጓዴ ነው ብላችሁ አትጠብቁ።

4. በዊንተር መሄድ ይቻላል፣ ግን ፓርክዌዩ በረዶ ሲጥል በር እየተዘጋበት ይቆያል። አስፋልቱ ላይ በረዶ ከጋገረ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከተማዋ ክፍት ናት፣ መንገዱ ግን በእናንተ ፕሮግራም አይሠራም።

5. ማደሪያ ከመያዛችሁ በፊት፣ ከዚያም በጉዞው ዕለት ጠዋት፣ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ የፓርክዌዩን የመንገድ ሁኔታ ካርታ እዩ። በሴፕቴምበር 2024 የመጣው ሄሊን አውሎ ነፋስ መንገዱን፣ በተለይ የኖርዝ ካሮላይናውን ክፍል፣ ክፉኛ ጎድቶታል። ስለዚህ «ፓርክዌዩ ክፍት ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ «ከየት እስከ የት?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ የምትፈልጉት ከ165 እስከ 190 ማይል ያለውን ነው።

ደረጃ 2፦ ማደሪያ ሳትይዙ አትውጡ

ፍሎይድ ከ500 ያነሰ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። «ስንደርስ እንፈልጋለን» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም።

መሃል ከተማ፣ በእግር የሚደረስበት ክፍል ካገኛችሁ ያዙት፣ ትንሽ ቢወደድም። ዓርብ ማታ መኪና ሳትነኩ ወደ አልጋችሁ መሄድ ዋጋ አለው።

ወጥመዱ ያለው የሚከራዩት የእንጨት ቤቶች ላይ ነው። አድራሻቸው ፍሎይድ ይላል፣ ቤቱ ግን ከከተማው ሃያ አምስት ደቂቃ ርቆ በጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ከቤቱ እስከ ከተማው የትራፊክ መብራት ያለውን ርቀት ካርታ ላይ ለኩ። ከ15 ደቂቃ በላይ ከሆነ እለፉት። የመጨረሻው መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር ብላችሁም ባለቤቱን ጠይቁ። ዝቅ ላለች መኪና ለውጥ አለው።

*ሁሉም ከሞላስ?* ክርስቲያንስበርግ እደሩ። ሀይዌዩ ዳር ሆቴል አይጠፋም፣ ከፍሎይድ ሃያ ማይል ያህል ነው። ግን ሌሊት የምትመለሱበት መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ አጋዘንም ይሻገርበታል። አንድ ሰው ሳይጠጣ ይቆይ፣ ቀስ ብሎም ይንዳ።

ደረጃ 3፦ የምትይዙትን ያዙ

- የአካባቢውን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ከ81 ሀይዌይ እስከ ኖርዝ ካሮላይና ድንበር ያለውን በሙሉ። ተራራው ላይ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል።
- በጋም ቢሆን ጃኬት ያዙ። ጠዋት ይበርዳል።
- ለዓርብ ማታ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።
- ጥሬ ብር፣ በትናንሽ ኖት።
- ቡና በፔርሙዝ። ጀበናና ከሰል ይዤ ተራራ ላይ ላፍላ የሚል አይጠፋም። ፓርኩ ውስጥ እሳት የሚነደው ለዚያ በተሠራ ምድጃ ላይ ብቻ ነው፣ ሣር ላይ ከሰል ብታቀጣጥሉ ከቅጣት በላይ ነገር ይመጣል። የምር ቡና ከፈለጋችሁ ፍሎይድ ውስጥ ሬድ ሩስተር የሚባል ቡና ቆዪ አለ፣ መደርደሪያውን እዩ።
- ድሮን ቤት ይቅር። ፓርክዌዩ ላይ ክልክል ነው።

ደረጃ 4፦ መንገዱ

1. ዓርብ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ገደማ ውጡ። ከሰዓት በኋላ 66 ሀይዌይ ላይ የሚቆመውን መኪና ታውቁታላችሁ። የኤክስፕረስ ሌኑን ክፍያም ሳታዩ አትግቡ።

2. 66ን ወደ ምዕራብ እስኪያልቅ ሂዱ። ሲያልቅ 81 ላይ ይጥላችኋል። 81 ደቡብን ያዙ።

3. እዚህ ላይ ጂፒኤስ አያስፈልጋችሁም። የኤግዚት ቁጥሮቹ በማይል የተቆጠሩ ናቸው። የምትገቡት 300 ላይ ነው፣ የምትወጡት 114 ላይ ነው። የቀረውን ማወቅ ስትፈልጉ ካያችሁት ቁጥር ላይ 114 ቀንሱ። የጭነት መኪና የሚበዛበት መንገድ ነው፣ በሁለት ትልልቅ መኪኖች መሃል ገብታችሁ አትቆዩ።

4. በኤግዚት 114 ውጡ። ከመንገድ ቁጥር 8 ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ወደ ፍሎይድ፣ ወደ ደቡብ ታጠፉ። ከዚያ በፊት ግን እዚያው አካባቢ ነዳጅ ሙሉ። ፓርክዌዩ ላይ አንድም ማደያ የለም። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም እዚሁ ቻርጅ አድርጉ።

5. መንገድ 8 ሃያ ማይል ገደማ ነው። ባለ ሁለት መስመር፣ ከብት የሚግጥበት፣ ጎተራ የሚታይበት። ከፊት የሚመጣ ሾፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ ቢያደርግላችሁ ሰላምታ ነው፣ እናንተም ጣት አንሱ።

ጠቅላላው 280 ማይል ያህል ነው። ቆም እያላችሁ አምስት ሰዓት ተኩል ያዙለት።

*114ን ካለፋችሁት?* በ109 ውጡና ተመለሱ። *118 ላይ ቀድማችሁ ከወጣችሁስ?* ችግር የለም፣ ክርስቲያንስበርግን አቋርጣችሁ መንገድ 8ን ታገኙታላችሁ። *ጂፒኤሱ «አቋራጭ አለ» ብሎ ወደ ስም የለሽ የጠጠር መንገድ ካዞራችሁስ?* እምቢ በሉት። ሦስት ደቂቃ ለማትረፍ ጎማ አይሰጥም።

ደረጃ 5፦ ዓርብ ማታ

የትራፊክ መብራት ስታዩ ደርሳችኋል። በመላው የፍሎይድ ካውንቲ ያለው መብራት ያ አንድ ብቻ ነው። የመጣችሁበት መንገድ 8 እዚያ ላይ ሎከስት ስትሪት ይባላል፣ የሚያቋርጠው 221 ደግሞ ሜይን ስትሪት። መኪናችሁን አቁሙና እርሱት። ካንትሪ ስቶሩ ከመብራቱ ጥቂት እርምጃ ነው።

ራት ቀድሙ። በ5 ሰዓት ብሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ እበላለሁ ያለ ሰው እንደኛ ቆሎ ይበላል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ወጥ ቤት ቶሎ ይዘጋል።

ጾመኞች፣ ይኼን በደንብ አንብቡ። ቀኑ ዓርብ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ወጥ ቤት ደግሞ ጎመንና ባቄላ ማለት የጾም ምግብ ማለት አይደለም። ጎመኑ ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ከአሳማ አጥንት ወይም ከቤከን ጋር ነው፣ ባቄላውም እንደዚያው። ብስኩት የሚሉት ዳቦ ቅቤ አለበት፣ አንዳንዴም የአሳማ ስብ። እኔ ጎመኑን በደስታ ጨልፌ ሁለተኛ ጉርሻ ላይ ነው ሮዝ ቁራጭ ያየሁት። «ሥጋ አለበት?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ አስተናጋጇ የአጥንት መረቁን እንደ ሥጋ ላትቆጥረው ትችላለች። «ከምን ጋር ነው የተቀቀለው?» በሉ። ሙስሊም ወንድምና እህቶችም ጥያቄያችሁ ይኸው ነው። ደህናው መፍትሔ ፒዛ ያለ ቺዝ ማዘዝ ነው፣ ወይም ከቤት እንጀራና ሽሮ ይዞ መውጣት። እኔ አሁን የምይዘው ሽሮ ነው።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ሰዓቱንና ዋጋውን በዚያው ሳምንት የስቶሩ ገጽ ላይ አረጋግጡ። የተለመደው በ6:30 ገደማ በመዝሙር መጀመር ነው፣ ከዚያ የጭፈራ ባንዶች ይከተላሉ።

2. ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ወንበር ቶሎ ያልቃል። ልጅ ወይም አዛውንት ከያዛችሁ አንድ ሰው ወንበር ይጠብቅ፣ ሌላው ይሰለፍ።

3. የቤቱን ሕግ አክብሩ። «የአያት ሕግ» ይሉታል። መጠጥ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ስድብ የለም። ልጆች ይዞ ለመሄድ የሚመች የሆነው ለዚህ ነው።

4. መዝሙሩ ሲዘመር አትጨፍሩ፣ አታውሩም። ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ወለሉ የሚሞላው ቫዮሊኑና ባንጆው ሲነሳ ነው።

5. ለመጨፈር ፍላጎቱ ካላችሁ ግቡ። ጭፈራው ፍላትፉቲንግ ይባላል። እስክስታ ትከሻ ላይ እንደሆነው ሁሉ ይኼኛው እግር ላይ ነው፣ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነት ዝም ይላል። አንድ ሰማንያ የሚሆናቸው አዛውንት አጠገቤ ሲጨፍሩ አስታውሳለሁ። እጃቸው ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊታቸው ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ብሎ፣ ጫማቸው ስር የተቸነከረው ብረት ግን እንጨቱን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ወፍራም የስፖርት ጫማ ወለሉን ይነክሳል፣ ጉልበታችሁንም ያጣምማል። ለስላሳ ሶል ያልኩት ለዚህ ነው።

6. የማትጨፍሩ ከሆነ ወለሉ ላይ ቆማችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ። ከዳር ሆናችሁ ቅረጹ። ሰው ፊት ላይ ካሜራ ከመደቀናችሁ በፊት ጠይቁ፣ እምቢ የሚል ብዙም አይገጥማችሁም።

7. ሲሞቃችሁ ውጡ። አየሩ ደህና ከሆነ ሎከስት ስትሪት ላይ ሙዚቀኞች በየጥጉ ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። እውነቱን ለመናገር ከውስጡ ይልቅ እኔ ይኼን እወዳለሁ። ክቡ ውስጥ አትግቡ፣ ከኋላ ቁሙ።

*ዓርብ ካመለጣችሁ?* እሁድ ከሰዓት እዚያው ስቶር ውስጥ ሙዚቀኞች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ፕሮግራም አለ። ጭፈራው አይኖርም፣ ሙዚቃው ግን ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሁን ፓርክዌዩ

በ8 ሰዓት መንገድ ላይ ሁኑ። በኋላ ስትሄዱ ማብሪ ሚል ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ትዞራላችሁ።

1. ከመብራቱ በመንገድ 8 ወደ ደቡብ ስድስት ማይል ያህል ንዱ። ተግል ጋፕ የሚባል ቦታ ላይ የፓርክዌዩ መግቢያ አለ፣ 165.3ኛው ማይል ነው። ዓይናችሁን ግለጡ። መግቢያውን ካለፋችሁ መንገድ 8 ተራራውን ይዞ ወደ ዉልዋይን ቁልቁል ይወርዳል፣ ጠመዝማዛና ቁልቁለቱ የበረታ ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ ካያችሁ አልፋችኋል፣ መዞሪያ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ተመለሱ።

2. ክፍያ የለም። ወደ ደቡብ ታጠፉ። በየማይሉ ዳር ላይ ቁጥር ያለባት አጭር ምሰሶ ተተክላለች። ቁጥሩ ከጨመረ ልክ ናችሁ። 164፣ 163 ካለ ወደ ሮአኖክ እየሄዳችሁ ነው፣ ዙሩ።

3. ሳትቆሙ በቀጥታ ወደ 176.2 ሂዱ። ማብሪ ሚል እዚያ ነው፣ ኤድ ማብሪ የሚባል ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው የውሃ ወፍጮ። መጀመሪያ ኩሬውን ዙሩና ወፍጮውን ከፊት ለፊት ያዙት፣ ውሃው ካልታወከ ሙሉ ምስሉ ኩሬው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ነፋስ ከተነሳ ምስሉ ይፈርሳል፣ ለዚህም ነው ጠዋት ያልኩት። ከዚያ ወደ ቤቱ ቀርባችሁ ውሃው በእንጨት ቦይ እንዴት እንደሚመጣ ለልጆቹ አሳዩ። የአገር ቤት የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው አሠራሩን ቶሎ ያውቀዋል። አጠገቡ ያለው ምግብ ቤት የሚሠራው በወቅት ነው፣ እሱን ተማምናችሁ ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ።

4. ጉልበትና ነዳጅ ካለ እስከ 188.8 ቀጥሉ። እዚያ ግራውንድሆግ ማውንቴን አለ፣ ትንሽ የእንጨት ማማ ያለበት። ጉልበትና ነዳጅ ከሌለ ማብሪ ሚል ላይ ዙሩ፣ የሚቀርባችሁ ነገር ብዙ አይደለም።

5. ስትመለሱ ቀስ በሉ። ሮኪ ኖብ አካባቢ፣ 169 ላይ፣ ጠረጴዛ ያለው የሽርሽር ቦታ አለ። ምሳችሁን እዚያ ብሉ። ከዚያ 168 ላይ ሳድል ኦቨርሉክ ቁሙ (ኦቨርሉክ የሚሉት መኪና አቁሞ ዕይታ የሚታይበትን ቦታ ነው)፣ ሸለቆው ከሥራችሁ ይዘረጋል። የቀረ ምግብ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፣ መኪና ውስጥ ቆልፉት። ጥቁር ድብ ያለበት አገር ነው።

ፓርክዌዩ ላይ የማይደረጉ

45ን አትለፉ፣ አንዳንድ ቦታ 35 ነው። የሚቀጣችሁ የፌዴራል ሬንጀር ነው፣ ጉዳዩም የሚሄደው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ዕይታ አየሁ ብላችሁ ኩርባ ላይ አትቁሙ፣ ኦቨርሉኮች በየጥቂት ማይሉ አሉ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፣ ዝቅ ባለ ማርሽ ውረዱ። የተከፈተ ጠርሙስ መኪና ውስጥ አይኑር። 171ኛው ማይል አካባቢ ሻቶ ሞሪሴት የሚባል ወይን ጠማቂ ስላለ ነው ይኼን የምለው፣ የሚነዳው ሰው አይቅመስ።

ደረጃ 7፦ ለሚራመድ ብቻ

ፍሎይድ አካባቢ ያለው ተራራ፣ ቡፋሎ ማውንቴን፣ ከፍታው 3,971 ጫማ ነው። ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው፣ ግን አትናቁት። መውጫው አንድ ማይል ገደማ ሲሆን መጨረሻው ላይ ይበረታል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ነፋሱ ኮፍያ ይወስዳል። መኪና ማቆሚያው ትንሽ ነው፣ መዳረሻውም ጠጠር። ከሞላ መንገድ ዳር አትዝጉ፣ ሌላ ጊዜ ኑ። ነጎድጓድ ከተሰማ አትውጡ።

ሲበላሽ

ጉም ሲወርድ። ዝቅተኛውን መብራት አብሩ፣ ረጅሙ ጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ያሳውራችኋል። የሚቀጥለው ኦቨርሉክ ላይ ግቡና ጠብቁ። ካልተነሳ በመጀመሪያው መውጫ ውጡ። ፍሎይድ ለመመለስ ተግል ጋፕ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ ሜዶውስ ኦፍ ዳን ላይ፣ 177.7፣ ወደ 58 መውጣት ይቻላል።

በሩ ተዘግቶ ሲገኝ። በጎን አትለፉ። ሁለት መኪና አልፎ ስላያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ፣ ከኩርባው ወዲያ በረዶ ወይም የወደቀ ዛፍ ይሆናል የሚጠብቃችሁ።

አጋዘን ሲሻገር። አንዱ ካለፈ ሁለተኛው ከኋላው አለ። መሪ አታጣምሙ፣ ፍሬን ያዙ። ሲጨልም መንዳት የሌለባችሁ ለዚህ ነው።

መኪና ሲቆም ወይም ሰው ሲጎዳ። 911 ደውሉ፣ ወይም የፓርክዌዩን የአደጋ መስመር 1-800-727-5928። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የት ናችሁ ነው። «ዛፍ አጠገብ» አትበሉ፣ መጨረሻ ያለፋችሁትን የማይል ቁጥርና ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ ስትሄዱ እንደነበር ንገሩ። ስለዚህ ሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ሥራ አለው፣ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ይቁጠር። ልጆች በጣም ይወዱታል፣ ከአሥር ማይል በኋላ እናንተ ባትወዱትም። ኔትወርክ ከሌለ መኪናውን ከአስፋልቱ አውጡ፣ አደጋ መብራቱን አብሩና የሚያልፍ ሰው አስቁሙ።

እሁድ ስትመለሱ። ከ10 ሰዓት በፊት ተነሱ፣ አለበለዚያ 66 ላይ የእሁድ ማታውን ሰልፍ ትቀላቀላላችሁ። የከሰዓቱን ሙዚቃ ለመስማት ከቆያችሁ ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ የሌለበትን ሰው ሾፌር አድርጉ።